ነፃው ፕሮግራምና የተቆለፈው ዕቃ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

በዛሬው ጊዜ በከተማ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ላፕቶፕ የማይታይበት ጠረጴዛ ጥቂት ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው፣ ሒሳቡ የሚጣራው፣ መዝገቡ የሚጠበቀው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ዕቃ ዋጋና ፍጥነት የሚጠይቅ ሰው ብዙ ሲሆን፣ ዕቃው በእውነት ለማን እንደሚታዘዝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሚታዘዘው ገንዘቡን ለከፈለው መሥሪያ ቤት ነው ወይስ ውስጡን አውቆ ለቆለፈው ፋብሪካ? ይህ ጥያቄ ከአርባ ዓመት በላይ ባለሙያዎችን ሲያከራክር የኖረ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን በአጭሩ ማወቅ ለመንግሥት ሠራተኛ ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ኮምፒውተሩ እንደ ተከፈተ ተነሥቶ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተናግድ፣ ከባትሪው ጀምሮ እስከ ፊደል ቁልፎቹ ድረስ ያሉትን ክፍሎች የሚያዝ ዋና ፕሮግራም ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠውን ዊንዶውስን ነው። ከዚህ ሌላ ነፃ የሚባሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች አሉ፤ ከነዚህም መካከል ስሙ የገነነው ሊኑክስ ነው። «ነፃ» ሲባል ግን ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ብቻ እንዳይመስለን። በቋንቋችን «በነፃ የተሰጠ» ስንልና «ነፃ የወጣ» ስንል ቃሉ አንድ ሲሆን ምሥጢሩ ሁለት ነው። እዚህ ላይ የምንሻው ሁለተኛውን ነው። ይኸውም ማንኛውም ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ተግባር ሊያውለው፣ የተሠራበትን ምንጭ ጽሑፍ ሊመረምርና ሊያሻሽል፣ ቅጂውን ለሌላ ሊሰጥ፣ ያሻሻለውንም ሊያካፍል መብት አለው ማለት ነው።

ይህ አሳብ የተወለደው ከመጻሕፍት ክርክር ሳይሆን ከአንድ ማተሚያ መሣሪያ ነው። በ1980 ገደማ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚስተር ሪቻርድ ስታልማን የተባሉ የፕሮግራም ባለሙያ ይሠሩ ነበር። በክፍሉ በነበረው በቀድሞው ማተሚያ ወረቀት በተቀረቀረ ጊዜ ወሬው ወዲያውኑ ለተጠቃሚዎቹ እንዲደርሳቸው አድርገው ፕሮግራሙን አሻሽለውት ነበር። ከዚያም ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ የሠራው አዲስ የሌዘር ማተሚያ መጣ። ፈጣን ነበር፤ ነገር ግን እርሱም ወረቀት ይቀረቅር ነበር፤ ፕሮግራሙም ያለ ምንጭ ጽሑፉ የመጣ በመሆኑ ያንኑ ማሻሻያ መድገም አልተቻለም። ሚስተር ስታልማን ምንጭ ጽሑፉ በእጁ ይገኛል የተባለውን የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቢጠይቁት፣ ምሥጢር ለመጠበቅ ቃል ገብቻለሁና አልሰጥም አላቸው። እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል። ዕቃው በክፍሉ ውስጥ ቆሟል፤ ሊያሻሽለው የሚችል ባለሙያም በአጠገቡ አለ፤ ዕውቀቱ ግን በውል ተቆልፏል። የነፃ ፕሮግራም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እስከ ዛሬም የሚፈትነው ይኸው ነው።

ሚስተር ስታልማን ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ግኑ የተባለ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት መነሣታቸውን አስታወቁ፤ በ1984 ሥራውን ጀመሩ፤ በ1985 ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1989 ደግሞ ፕሮግራሙን የተቀበለ ሰው ለሌላ በሚያስተላልፍበት ጊዜ የተቀበለውን ነፃነት አብሮ እንዲያስተላልፍ የሚያስገድድ የፈቃድ ውል አወጡ። ሥራው ብዙ ቢራመድም ከርነል የሚባለው፣ ዕቃውን በቀጥታ የሚያዘው እምብርቱ፣ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። በዚህ ጊዜ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት፣ በገዛው አንድ ኮምፒውተር ላይ ለራሱ ትምህርት የጀመረውን ከርነል ኦገስት 25 ቀን 1991 ለሌሎች አስታወቀ። በ1992ም ሥራውን በዚያው የነፃነት ውል ሥር አደረገው። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ሙሉ ነፃ ሲስተም ተገኘ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ ከልዩ ልዩ አገር የተነሡ ሰዎች በኢንተርኔት እየተጻጻፉ አሳደጉት።

ሊኑክስ በተወለደበት ዘመን የጠረጴዛ ኮምፒውተር ለነፃ ፕሮግራም አመቺ ነበር። ክፍሎቹ ለየብቻ የሚሸጡና ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ ልክ የሚሠሯቸው ስለ ነበሩ፣ አንደኛው ካርድ አልታዘዝ ቢል አውጥቶ በሌላ መተካት ይቻል ነበር። ላፕቶፕ ግን እንዲህ አይደለም። ቀላልና ቀጭን ይሆን ዘንድ የድምፁም፣ የሥዕሉም፣ የመገናኛውም ክፍል ከአንዱ ሰሌዳ ጋር ተጣብቆ ይሠራል። ባትሪው፣ ሙቀቱን የሚያበርደው ማራገቢያ፣ የመስተዋቱ ብርሃን፣ የክዳኑ መዘጋትና መከፈት ሁሉ ፋብሪካው እንደ ወደደ ያለመደው የየራሱ ጠባይ አለው። ከዚህም የተነሣ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር የሚሠራው ሲስተም በላፕቶፕ ላይ በተጫነ ጊዜ፣ አንዱ ላፕቶፕ ድምፅ አልባ፣ ሌላው ኢንተርኔት አልባ፣ ሌላው ደግሞ ተኝቶ የማይነቃ ሆኖ ይገኝ ነበር።

የዚህ ሁሉ ቁልፍ ድራይቨር የሚባለው ነው። ድራይቨር በኦፕሬቲንግ ሲስተሙና በዕቃው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ቋንቋውን የሚያስረዳው መዝገበ ቃላትም ፋብሪካው የሚጽፈው የአሠራር ሰነድ ነው። ፋብሪካው ለዊንዶውስ ብቻ አስተርጓሚ አዘጋጅቶ መዝገበ ቃላቱን በሣጥን ከቆለፈው፣ ነፃው ሲስተም ዕቃውን እያየ የሚያናግርበት ቃል ያጣል። እርግጥ ነው፣ ነፃ ፕሮግራምም እንደ ማንኛውም የሰው ሥራ ስሕተት አይጠፋውም። ነገር ግን «ሊኑክስ በዚህ ላፕቶፕ ላይ አይሠራም» ሲባል ብዙውን ጊዜ የጎደለው የፕሮግራሙ ብቃት ሳይሆን የሰነዱ መገለጥ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምሳሌ ሞደም ነው። ኢንተርኔት በስልክ መስመር በሚመጣበት ጊዜ ሞደም ራሱን የቻለ መሣሪያ ነበር፤ የታወቀውን ትእዛዝ የሰጠው ማንኛውም ሲስተም ይታዘዝለት ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግን ፋብሪካዎች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ የሥራውን ብዙውን ክፍል ከመሣሪያው አውጥተው ለዊንዶውስ በተጻፈ ፕሮግራም ላይ ጣሉት። በተለምዶ ዊንሞደም የተባለው ይህ ዕቃ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ገባ። ያለ ፕሮግራሙ ከብረት ቁራጭ የማይሻል ስለ ነበረ፣ የነፃው ሲስተም ተጠቃሚ ከላፕቶፑ ጎን ሌላ ሞደም ለመግዛት ይገደድ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የላፕቶፕ እንቅልፍ ነው። በዲሴምበር 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ የተባሉት ኩባንያዎች ኤሲፒአይ የተባለ የጋራ ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ መሠረት ፋብሪካው የላፕቶፑን ጠባይ የሚገልጽ ሰንጠረዥና ትንንሽ ፕሮግራም በማሽኑ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ያን እያነበበ ያስተኛዋል፣ ያነቃዋል፣ ባትሪውንም ይቆጣጠራል። ደንቡ በይፋ የታተመ ስለ ነበረ ነገሩ ለሁሉም የተመቸ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሥራቸውን የሚፈትኑት በዊንዶውስ ብቻ ስለ ነበረ፣ ዊንዶውስ ችላ ብሎ የሚያልፈው ስሕተት ሁሉ ሳይታረም ይሸጥ ነበር።

ከዚህም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በደንቡ ውስጥ ማሽኑ ሲስተሙን «አንተ ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ስፍራ አለ። ሊኑክስ «ሊኑክስ ነኝ» ብሎ ቢመልስ፣ ማሽኑ ማንም ባልፈተነው መንገድ ይመራዋል፤ እንቅልፉም ይበላሻል። ስለዚህ የከርነሉ ሠራተኞች ከ2007 ጀምሮ ሊኑክስ በልማድ የዊንዶውስን ስም እየጠራ እንዲመልስ፣ የራሱን ስም ግን እንዳይጠራ አደረጉት። ዛሬም ልማዱ ይኸው ነው። እንግዲህ ነፃው ሲስተም በሰው ቤት ገብቶ ለማደር ስሙን መለወጥ ግድ ሆነበት ማለት ነው።

ነገሩ ከፋብሪካዎች ቸልታ ብቻ የመጣ ነው እንዳይባል፣ የማይክሮሶፍት መሥራች ሚስተር ቢል ጌትስ በጃንዋሪ 1999 ለሠራተኞቻቸው የጻፉት ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው በኋላ በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ሀገር በታየ ክርክር በማስረጃነት ቀርቦ ለሕዝብ ተገልጧል። አሳቡም ሥራውን ሁሉ እኛ ሠርተን ሊኑክስ ያለ ድካም ከሚጠቀምበት፣ ደንቡን ለዊንዶውስ ብቻ የሚስማማ ማድረግ አይቻልም ወይ የሚል ነበር። አሳቡ በሥራ ለመዋሉ ይህ ደብዳቤ ብቻውን አያስረዳም። ሆኖም የሰነድ መገለጥና መሰወር የንግድ ጦር መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል በቂ ማስተማሪያ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ዋይፋይ የተባለው ያለ ሽቦ የሚሠራ መገናኛ ነው። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ የሠራቸው የዋይፋይ ዕቃዎች በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ነበሩ፤ ኩባንያው ግን ሰነዱን አልሰጥም አለ። የነፃ ፕሮግራም ባለሙያዎች በሁለት ተከፍለው ሠሩ። አንዱ ቡድን የኩባንያውን ፕሮግራም እየመረመረ የዕቃውን ቋንቋ በጽሑፍ ገለጠ፤ ሌላው ቡድን የኩባንያውን ፕሮግራም ሳያይ ያን ጽሑፍ ብቻ እያነበበ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። ይህም የሌላውን ሥራ ገለበጣችሁ ተብሎ እንዳይከሰሱ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ድካማቸው በ2006 በሊኑክስ ውስጥ ገባ። ብሮድኮም ራሱ ለአዲሶቹ ዕቃዎቹ ነፃ ድራይቨር ያወጣው በ2010 ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ሌላ መቆለፊያ ነበራቸው። በብዙ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ የማይታዘዘውን የዋይፋይ ካርድ አውጥቶ የሚታዘዝለትን ቢተካ፣ ማሽኑ ቁጥር 1802 የተባለውን የስሕተት መልእክት ጽፎ አልነሣም ይል ነበር፤ ፋብሪካው በዝርዝር ካልመዘገበው ካርድ ጋር እንዳይሠራ ታዝዟልና።

በካናዳ አገር የሚኖሩት የኦፕንቢኤስዲ መሥራች ሚስተር ቴዎ ደ ራት በዚህ ጉዳይ ጽኑ አቋም ያዙ። ኦፕንቢኤስዲ ከ1995 ጀምሮ የሚሠራ ሌላ ነፃ ሲስተም ነው። እርሳቸውም ምንጭ ጽሑፉ ያልተገለጠ ድራይቨር በከርነላችን ውስጥ አይገባም፤ የምንለምነው ፕሮግራም ሳይሆን ሰነድ ነው በማለት ተከታዮቻቸው ለፋብሪካዎች እንዲጽፉ አደረጉ። ስለዚሁ ትግላቸውም የሚስተር ስታልማን ማኅበር የ2004ን ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

በሥዕል ማሳያው ክፍልም ተመሳሳይ ክርክር ነበር። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ በ2010 ኦፕቲመስ የተባለ አሠራር አወጣ። በዚህ አሠራር አንዱ ላፕቶፕ ሁለት የሥዕል ክፍል ይኖረዋል፤ ቀላል ሥራ ሲሆን ባትሪ የሚቆጥበው፣ ከባድ ሥራ ሲሆን ኃይለኛው ይሠራል። አሠራሩ ብልህ ነበር፤ ነገር ግን ለሊኑክስ አልታሰበለትም። በጁን 2012 በፊንላንድ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ አንዲት አድማጭ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ገዝታ መቸገሯን ገልጣ ብትጠይቃቸው፣ ሚስተር ቶርቫልድስ በአደባባይ ለመድገም በማይመች ቃል ኩባንያውን ነቀፉት። ኩባንያው በከርነል ውስጥ የሚሠራውን የድራይቨሩን ክፍል ምንጭ ጽሑፍ የገለጠው ከአሥር ዓመት በኋላ በሜይ 2022 ነው።

ከዚያም መቆለፊያው ወደ በሩ መጣ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ሴኪዩር ቡት የተባለ ጥበቃ በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ተተከለ። በታወቀ ቁልፍ ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክል ነው። ዓላማው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከሲስተሙ ቀድሞ እንዳይገባ መከላከል ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄው ግን ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚል ነበር፤ ቁልፉም በአብዛኛው በማይክሮሶፍት እጅ ሆነ። ነፃዎቹ ሲስተሞችም በማይክሮሶፍት የተፈረመ ትንሽ የመግቢያ ፕሮግራም እያስቀደሙ መግባት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን፣ በ2013 መጀመሪያ፣ አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሊኑክስ በተነሣባቸው ጊዜ ፈጽመው ሞቱ። ሰው ሁሉ ጥፋቱን በሊኑክስ ላይ ጣለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ማቲው ጋሬት የተባሉ ባለሙያ በዊንዶውስ ሆኖም ማሽኑን በዚያው መንገድ መግደል እንደሚቻል አሳዩ። ጉድለቱ ፋብሪካው በማሽኑ ውስጥ ባስቀመጠው ፕሮግራም ላይ ነበር።

ይህ ታሪክ ወደ አገራችንም ደርሷል። በ2005 ፕሮፌሰር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለድኻ አገር ልጆች በርካሽ የሚዳረስ ላፕቶፕ የመሥራት አሳብ አቀረቡ። ኤክስኦ የተባለችው ይህች ትንሽ ላፕቶፕ በ2007 መጨረሻ በብዛት መሠራት ጀመረች፤ በ2008ም በሺህ የሚቆጠሩ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገቡ። የምትሠራው በሊኑክስ ነበር፤ ስትከፈት የሚያስነሣት ፕሮግራም እንኳ ነፃ ነበር። ከዋይፋይዋ በቀር! የተመረጠው የማርቬል ኩባንያ ዕቃ ዋናው አእምሮ ተኝቶ ሳለ እንኳ መልእክት ከጎረቤት ላፕቶፕ ወደ ጎረቤት ሊያሳልፍ ይችል ነበር፤ መብራት በሌለበት ገጠር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በዕቃው ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚባለው፣ የተቆለፈ ነበር። ሚስተር ደ ራት ይህን ውል ነቀፉ፤ ሠሪዎቹ ደግሞ የተሻለ ዕቃ ስላጣን ነው አሉ። ፍጹም ነፃ ትሆን ዘንድ የታሰበችው ላፕቶፕ እንኳ በአንዲት ቅንጣት ዕቃ መያዟ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

ከዚህ የተነሣ የነፃ ፕሮግራም ወዳጆች በሁለት አሳብ ተከፈሉ። አንደኞቹ የተቆለፈ ነገር ጨርሶ አይግባ ይላሉ። የሚስተር ስታልማን ማኅበር በ2013 መጨረሻ ነፃነትን ያከብራል ብሎ የመሰከረለት ላፕቶፕ በ2006 የወጣ አሮጌ ቲንክፓድ ታድሶ፣ የመነሻ ፕሮግራሙ በነፃ ፕሮግራም ተተክቶ፣ የዋይፋይ ካርዱም ተለውጦ የቀረበ ነበር። ሁለተኞቹ ደግሞ ተጠቃሚው ሲስተሙን ለመጫን እንኳ ኢንተርኔት ካጣ ነፃነቱ ምን ይጠቅመዋል ይላሉ። ከ1993 ጀምሮ በነፃነት ጥብቅነቱ የታወቀው የዴቢያን ማኅበር ጉዳዩን ለአባላቱ ድምፅ አቅርቦ፣ በ2022 የተቆለፈው ፈርምዌር ከመጫኛው ጋር እንዲሰጥ ወሰነ፤ በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12ም እንዲሁ ሆኖ ቀረበ። እኛ ስናየው ሁለቱም ወገኖች ያስፈልጋሉ። ሁለተኞቹ ባይኖሩ ነፃው ሲስተም ከጥቂት ሊቃውንት እጅ አይወጣም ነበር፤ አንደኞቹም ባይኖሩ ፋብሪካዎች ሰነድ የሚገልጡበት ምክንያት ባልኖራቸው።

ዛሬ ነገሩ እጅግ ተሻሽሏል። ዴል በ2012፣ ሌኖቮም ከ2020 ወዲህ ሊኑክስ የተፈተነባቸውን ላፕቶፖች ለገበያ አቅርበዋል፤ ብዙ ላፕቶፖችም ያለ አንዳች ድካም ይታዘዛሉ። ጉዳዩ ግን ለእኛ አሁን የሚያሳስብበት ሌላ ምክንያት መጥቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለተወሰነ ጊዜ የተራዘመ ልዩ ፕሮግራም ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ2017 በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ማሽኖች አይቀበልም። ስለዚህ አካሉ ደኅና፣ ባትሪው ገና ያልደከመ ላፕቶፕ ሁሉ አርጅተሃል ተብሎ ወደ ንብረት ክፍል መጋዘን እንዲገባ ይፈረድበታል። ይህ ፍርድ የሚሰጠው በዕቃው ድካም ሳይሆን በሩቅ አገር ባለ ኩባንያ ውሳኔ ነው። ነፃው ሲስተም ብዙዎቹን ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ለዓመታት ሊያቆያቸው ይችላል።

ሆኖም ይህን ለማድረግ የሚነሣ ሰው መጥኖ መደቆስን አይርሳ። ነፃዎቹ ሲስተሞች አብዛኞቹ ሳይጫኑ፣ በፍላሽ ላይ እንዳሉ ሊነሡና ሊፈተኑ ይችላሉ፤ ዲስኩ ላይ ያለው መዝገብም አይነካም። በዚህ ጊዜ ዋይፋዩ ይገናኝ እንደ ሆነ፣ ድምፁ ይሰማ እንደ ሆነ፣ የመስተዋቱ ብርሃን በቁልፉ ይቀነስ እንደ ሆነ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃ እንደ ሆነ፣ ከማተሚያውና ከስብሰባ አዳራሹ ፕሮጀክተር ጋር ይግባባ እንደ ሆነ አንድ በአንድ መመልከት ይገባል። መሥሪያ ቤቱ ያለ ዊንዶውስ የማይሠራ ልዩ ፕሮግራም ካለውም ያን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በግዢ ክፍል የተመደባችሁ ደግሞ የጨረታ ሰነድ ስታዘጋጁ የአእምሮውን ፍጥነትና የዲስኩን ስፋት ብቻ አትጻፉ። ዕቃው ከአንድ በላይ በሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሥራቱ የተረጋገጠ ይሁን የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ያቺ መስመር የምትጠይቀው ቀለም ጥቂት ነው፤ የምታድነው የሕዝብ ገንዘብ ግን ቀላል አይሆንም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ በዚያ ማተሚያ ፊት የተነሣው ጥያቄ ዛሬም በየጠረጴዛችን ላይ አለ። ዕቃ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ የዕቃውን ዕውቀት መግዛት ሌላ ነገር ነው። ቤት ገዝቶ ቁልፉን በሻጩ ኪስ የተወ ሰው ባለቤት ነኝ ቢል ማንም አያምነውም። የነፃ ሲስተም ሠራተኞች በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የደከሙት ስለዚያ ቁልፍ ነው። የእነርሱ ሲስተም ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ይስማማል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ ማንኛውም መሣሪያ ቁልፉ የት እንዳለ ሳይጠየቅ እንዳይገዛ ማሳሰብ ግዴታችን ነው።